የቆጥ አይጥ፦ በጣራ ሥር በተቀመጠ ዘርና እህል ላይ የምታደርሰው ጉዳትና መከላከያው

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

ስለ አይጥ ጉዳት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ማሳ ላይ ያለ ሰብል ነው። ገበሬውም የተቆረጠ አገዳና የተነቀለ ቡቃያ በዓይኑ ስለሚያይ ለልማት ሠራተኛው ፈጥኖ ያመለክታል። ከማሳ ተርፎ፣ ታጭዶና ተወቅቶ ቤት በገባ እህል ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን በጨለማ፣ ከራስ በላይ፣ ዓይን በማይደርስበት ቦታ የሚፈጸም በመሆኑ እምብዛም አይነገርም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በሣር ክዳን ቤት ቆጥ ላይ፣ በቆርቆሮ ቤት ደግሞ በኮርኒሱና በጣራው መካከል የምትኖረውን አይጥ ነው።

በየገጠሩ ስንዘዋወር ከምንሰማው አነጋገር አንዱ «የቆጥ አይጥ ከእኛ ጋር የኖረች ናት፤ ምን ይደረጋል?» የሚለው ነው። ይህን የሚለው ሰው ወይ ጉዳቱን ሰፍሮ አላወቀውም፣ ወይም ደግሞ ከገበያ የገዛውን መርዝ በትኖ አይጧ ከሁለት ወር በኋላ ስትመለስ አይቶ ተስፋ ቆርጧል። አይጥ ቆጡን የምትመርጠው ሦስት ነገር ስለምታገኝበት ነው፦ የምትበላው፣ ጎጆዋን የምትሠራበት፣ የሚረብሻት አለመኖሩ። እነዚህ እንዳሉ ከቀሩ የሞተችው አይጥ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ ከጎረቤት ጣራ ወይም ከማሳ የመጣች ሌላ ትይዘዋለች። በመሆኑም ሥራው የሚጀመረው ከመግደል ሳይሆን ቆጡን ከማራገፍ ነው።

አይጧን ማወቅ

በቆጥና በኮርኒስ ላይ ዓመቱን ሙሉ የምትኖረው በአብዛኛው የጣራ አይጥ የምትባለው ናት። መነሻዋ የህንድ ክፍለ አህጉር ሲሆን ከንግድ ዕቃ ጋር በመርከብና በጭነት ተጉዛ ዓለምን ያዳረሰች፣ ከሰው ቤት ብዙ የማትርቅ አይጥ ናት። ጅራቷ ከራሷና ከአካሏ ርዝመት ድምር ይበልጣል፤ ጆሮዎቿ ሰፋፊ ናቸው። አንዲት ሙሉ አካል ያላት አይጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 250 ግራም ትመዝናለች። ዋናው ችሎታዋ መውጣት ነው። በሻካራ የጭቃ ግድግዳ፣ በምሰሶ፣ በገመድ፣ በመብራት ሽቦ ላይ እንደ ልቧ ትሄዳለች።

ሁለተኛዋ ከማሳ የምትመጣው፣ ሴቷ ብዙ ጡት ያላትና በአንድ ጊዜ አሥርና ከዚያ በላይ ልትወልድ የምትችለው አይጥ ናት። ይህች አዝመራው ማሳ ላይ እስካለ ድረስ እዚያው ትቆያለች። ማሳው ሲራቆት ግን እህሉን ተከትላ ወደ አውድማ፣ ከአውድማም ወደ ቤት ትገባለች። በከተማና በመንገድ ዳር መንደሮች ደግሞ ትንሿ የቤት አይጥ በብዛት ትገኛለች። ሦስቱን መለየት የሚጠቅመው ለስም ያህል አይደለም። የጣራዋን አይጥ በማንኛውም ወር ማጥመድ ይቻላል፤ የማሳዋን ግን ቤት ከመግባቷ በፊት መግቢያውን ካልዘጋን በኅዳርና በታኅሣሥ አዲስ ሠራዊት ይዛ ትመጣለች።

የጣራ አይጥ ከ21 እስከ 23 ቀን አርግዛ በአማካይ ከ5 እስከ 8 ትወልዳለች። ልጆቿም በሦስት ወር ገደማ ለመውለድ ይደርሳሉ። ከዚህ ተነሥተው አንድ ጥንድ አይጥ በዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሺህ ትሆናለች ብለው የሚያሰሉ ጽሑፎች አሉ። እኛ ይህን ስሌት ለገበሬው መንገር አይጠቅምም እንላለን። በቆጥ ላይ የሚኖረው የአይጥ ቁጥር የሚወሰነው በመብሉና በመክተሚያው ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነችው ወይ ትሞታለች ወይ ወደ ጎረቤት ትሄዳለች። ለሥራችን የሚጠቅመው ዕውቀት የተገደሉት አይጦች በጥቂት ወራት ውስጥ ሊተኩ መቻላቸው ነው።

የጉዳቱ ልክ

አንዲት የጣራ አይጥ በቀን ከ15 እስከ 30 ግራም ምግብ ትበላለች። ሃያውን ግራም ብንወስድ አሥር አይጥ ያለበት ቆጥ በቀን 200 ግራም፣ በወር 6 ኪሎ ያጣል። ዓመቱን ሙሉ እህል ካገኙ 73 ኪሎ ይሆናል። ይህም ወደ ሦስት አራተኛ ኩንታል ይጠጋል። ሌላ ማነጻጸሪያ ብንወስድ፣ አንድ ሄክታር በቆሎ ለመዝራት 25 ኪሎ ያህል ዘር ያስፈልጋል። አሥር አይጥ ይህን ክብደት በአራት ወር ከጥቂት ቀን ትጨርሳለች። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ማለት ነው፤ ልክ ዘሩ ተሰቅሎ የሚቆይበት ጊዜ።

የተበላው ግን ከጉዳቱ ገሚሱ እንኳ ላይሆን ይችላል። አይጥ ከምትበላው ይበልጥ ታባክናለች። ጆንያውን ቀዳ ታፈሳለች፣ የፈሰሰውን ትሸናበታለች፣ በቀን ከ25 እስከ 50 ፍሬ የሚደርስ ኩስ ትጥልበታለች። የፊት ጥርሶቿ ዕድሜዋን ሙሉ የሚያድጉ በመሆናቸው የማይበላውንም ነገር ስትቆረጥም ታድራለች። በቆጥ ላይ የተቀመጠ ጠፍር፣ አቁማዳ፣ ሰልቻ፣ ለበዓል የተቀመጠ ጋቢ፣ ሞሰብና ሰፌድ ሁሉ የዚህ ሰለባ ናቸው። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸውን ከእሳትና ከልጅ ለማራቅ ብለው በቆጥ ላይ ያኖሩ አባወራዎች፣ ደብተሩ ተከታትፎ የአይጥ ጎጆ ሆኖ የሚያገኙበት ጊዜ አለ። ደብተርን በክዳን በሚገጥም ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ እንዲያስቀምጡ መምከር የልማት ሠራተኛው ሥራ አይደለም የሚል ካለ አንስማማም።

በጤናም በኩል ቢሆን ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የአይጥ ሽንት ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን በሽታ፣ ኩሷ ደግሞ ሳልሞኔላ የተባለውን የምግብ መመረዝ የሚያመጣ ተሐዋስ ሊያስተላልፍ ይችላል። ቆጡ ከምድጃው በላይ ወይም ከመኝታው በላይ በሚሆንበት ቤት ይህ ሁሉ በቀጥታ የሚወርደው በድስቱና በሌማቱ ላይ ነው። በተኙ ሕፃናት ላይ የአይጥ ንክሻ መድረሱም የታወቀ ነው።

የዘር ጉዳት ለብቻው ይታይ

ከሁሉም ይበልጥ ልናተኩርበት የፈለግነው በዘር ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። በብዙ የበቆሎ አብቃይ አካባቢዎች ገበሬው ለዘር የመረጣቸውን ትላልቅ የበቆሎ ራሶች በልባሳቸው አስሮ ከምድጃ በላይ ይሰቅላል። አሠራሩ የራሱ ምክንያት አለው። ጢሱና ሙቀቱ ዘሩን ያደርቀዋል፣ ነቀዝንም በመጠኑ ያርቃል። ይህን ባህላዊ ዘዴ የምናቃልል አይደለንም። ነገር ግን ጢስ ነቀዝን የሚያርቀውን ያህል አይጥን አያርቅም። እሳቱ ሌሊት ከጠፋ በኋላ ጥቀርሻ የለበሰው ወራጅና ማገር ለአይጧ ጥሩ ጎዳና ነው።

አይጥ የበቆሎ ፍሬ ስታገኝ አስቀድማ የምትመርጠው ሽሉን፣ ማለትም ቡቃያ የሚወጣበትን ለስላሳና ቅባት ያለበትን ክፍል ነው። ሽሉ ከፍሬው ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አንዲት አይጥ ሽል ብቻ እየመረጠች 20 ግራም ብትበላ ወደ 200 ግራም የሚጠጋ ዘር ከጥቅም ውጭ ታደርጋለች። ይህ ዘር በሚዛን ላይ ቢወጣ እምብዛም የቀነሰ አይመስልም። ከሩቅ ሲያዩትም ፍሬው በቆረቆንዳው ላይ እንዳለ ነው። ገበሬው ጉዳቱን የሚያውቀው ዘርቶ ከአሥር ቀን በኋላ ማሳው ላይ የሳሳ ቡቃያ ሲያይ ይሆናል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የሚላከከው በዝናቡ፣ በወፉ ወይም በዘሩ ዝርያ ላይ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩም ያላጠፋው ጥፋት ሊነገርበት ይችላል።

በመሆኑም ከቤት በተቀመጠ ዘር ለሚጠቀም ገበሬ ሁሉ የብቅለት ሙከራ ከመዝራቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ እንዲደረግ አጥብቀን እናሳስባለን። ሙከራው ገንዘብ አይጠይቅም። ከተፈለፈለው ዘር ከላይም ከሥርም ሳይመረጥ 100 ፍሬ ይቆጠራል፤ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ተደርድሮ ይጠቀለላል፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ ውኃ እየተረጨበት ሞቅ ባለ ቦታ ይቀመጣል። በሰባተኛው ቀን ጤናማ ሥርና ቀንበጥ ያወጡት ይቆጠራሉ። ከ100 ፍሬ 85 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ጥሩ ነው። ወደ 70 ከወረደ የዘሩን መጠን መጨመር ያስፈልጋል። ከዚያ በታች ከሆነ ሌላ ዘር መፈለግ ይሻላል፤ የሁለት ሳምንቱ ጊዜ የተፈለገውም ለዚሁ ነው። ልማት ሠራተኛው ከሙከራው በፊት ፍሬዎቹን በእጁ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ በሽሉ በኩል የተቦረቦሩትን ለይቶ ቢቆጥር የአይጡን ድርሻ ለገበሬው በዓይኑ ሊያሳየው ይችላል። ከብዙ ንግግር ይልቅ ይህች ቆጠራ ታሳምናለች።

አይጥ መኖሯንና መንገዷን ማረጋገጥ

«አይጥ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን በቂ አይደለም። ቀን በመሰላል ወጥቶ ማየት ያስፈልጋል። የጣራ አይጥ ኩስ አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና ጫፍና ጫፉ ሾጠጥ ያለ ሲሆን፣ የትንሿ የቤት አይጥ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ከሆነ የቅርብ ነው፤ ደርቆ የሚፈረከስ ከሆነ የቆየ ነው። በወራጁና በምሰሶው መጋጠሚያ ላይ ጠቆር ያለ የቅባት እድፍ ከታየ ያ የዘወትር መንገዷ ነው፤ ከጠጉሯ ቅባት እየተነካካ የሚቀር ነው። በኮርኒስ ላይ ቢጫ ዛጎላማ ምልክት ከታየ የሽንት እድፍ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የጣራ ፍሳሽም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚተው ሽታውን ማመሳከር ይገባል።

ከሁሉም የሚቀለው ዘዴ አመድ ነው። ማታ ከመኝታ በፊት በቆጡ ርብራብ ላይ ጠፍጣፋ እንጨት ወይም ካርቶን አንጥፎ የተነፋ አመድ ሳሳ አድርጎ መነስነስ፣ ጠዋት ደግሞ ዱካውን ማየት ነው። ዱካው የሚበዛበት ቦታ ወጥመድ የሚቀመጥበት ቦታ ይሆናል። አመዱ ከሥራው በኋላም ውጤቱን ለመመርመር ያገለግላል።

ቆጡን ማራገፍ

የመጀመሪያው እርምጃ ዘርንና እህልን ከቆጥ ላይ ማውረድ ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው እንዳይሆን፣ ወርዶ የሚቀመጥበት ዕቃ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ለዘር የሚሆነው ክዳኑ የሚገጥም የብረት በርሜል ወይም ትልቅ ጣሳ ነው። አነስተኛ የብረት ጎተራ የሚሠሩ ባለሙያዎች ባሉበት አካባቢ ማኅበሩ በጅምላ አሠርቶ ለአባላቱ ቢያከፋፍል ዋጋው ይቀንሳል። ጀሪካን ሌላ ባልተገኘ ጊዜ ያገለግላል፤ ሆኖም ከእጀታውና ከአፉ በኩል ሊቆረጠም ስለሚችል በየሳምንቱ ይታይ። ነቀዝን በማፈን የሚከላከሉት ባለ ሦስት ድርብ የፕላስቲክ ከረጢቶች ለነቀዝ እጅግ ጥሩ ናቸው፤ ለአይጥ ጥርስ ግን መከላከያ የላቸውም። አንዲት ቀዳዳ ከተበሳች አየር ስለሚገባ ከነቀዝ የሚከላከሉበት ጥቅማቸውም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ እነዚህ ከረጢቶች በቆጥ ላይ ፈጽሞ አይቀመጡ።

በተዘጋ ዕቃ የሚገባ ዘር በደንብ መድረቅ አለበት፤ አለዚያ ከአይጥ የዳነው በሻጋታ ይጠፋል። እርጥበቱን ለመለየት በቤት ያለ ጨው ይበቃል። በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ዘሩንና በፀሐይ የደረቀ ደቃቅ ጨው አንድ ላይ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ እየነቀነቁ ማቆየት ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ዘሩ ገና እርጥብ ነው። ጨው ሳይጣበቅ ቢቀርም እንኳ በተዘጋ ዕቃ ለሚቀመጥ ዘር ጥቂት ቀን ፀሐይ መጨመር አይከፋም። በምድጃ ጢስ ማድረቅ የለመደ ገበሬ ራሶቹን እንደ ልማዱ ሰቅሎ ካደረቀ በኋላ፣ ወራት ሳያስቆይ አውርዶ ፈልፍሎ በርሜል ቢያስገባ ልማዱንም ሳይተው ዘሩን ያድናል።

እህሉ ከወረደ በኋላ የቆየ ጭድ፣ ባዶ ጆንያ፣ አሮጌ ልብስና ቅዳጅ ሁሉ ይወርዳል። ባዶ ጆንያ ለአይጥ ከሁሉ የተሻለ አራስ ቤት ነው። የቆጡ ርብራብ ይጠረጋል። ሲጠረግ ግን ደረቁን አቧራ ማቡነን አደገኛ ስለሆነ አስቀድሞ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ተበጥብጦ በኩሱና በጎጆው ላይ ይረጭና ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፤ ጠራጊውም አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍናል። የወጣው ቆሻሻ ይቀበራል ወይም ከቤት ርቆ ይቃጠላል። ቆጡ ከዚያ በኋላ ለዕቃ ማስቀመጫ ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ዕቃው እየተነሣ የሚታይ፣ ብርሃን የሚደርስበት ይሁን።

መግቢያን ስለ መዝጋት

እዚህ ላይ በሣር ክዳን ቤትና በቆርቆሮ ቤት መካከል ልዩነት አለ። የሣር ክዳን ቤትን ከአይጥ ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይቻልም፤ ይቻላል ብሎ ገበሬውን ማድከም አይገባም። የሚቻለው ጣራውን የሚነኩ የዛፍ ቅርንጫፎችንና ሐረጎችን ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ማራቅ፣ ከግድግዳ የተደገፈ እንጨትና አገዳ ማንሣት፣ በምሰሶው ላይ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብሎ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ ቆርቆሮ መጠቅለል ነው። ግድግዳው ሻካራ ከሆነ ግን የምሰሶው ቆርቆሮ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም።

በቆርቆሮ ቤት መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ የግድግዳው ጫፍና የቆርቆሮው ሞገድ የሚገናኙበት ክፍተት ነው። ትንሿ የቤት አይጥ እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ያህል በሆነ ክፍተት ታልፋለች። ለዚህ ጭቃ ብቻ አይበቃም፤ ትቦረቡረዋለች። የተሰባበረ ጠርሙስ የተቀላቀለበት ጭቃ፣ የሲሚንቶ ምርጊት ወይም ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የወንፊት ሽቦ ያስፈልጋል። ክፍተቱ የሚዘጋው አይጦቹ ከተጠመዱ በኋላ ነው። አስቀድሞ ከተዘጋ ውስጥ የቀሩት ኮርኒሱን ቀደው ወደ ሳሎን ይወርዳሉ። ከማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ የተወጠረ ኮርኒስ ያለበት ቤት ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ኮርኒስን በተመለከተ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለን። የመብራት መስመር በገባበት ወይም የፀሐይ ኃይል መብራት በተዘረጋበት ቤት ሽቦዎቹ በኮርኒሱ ላይ የሚያልፉ ከሆነ አይጥ የሽቦውን ልባስ ልትልጠው ትችላለች። የተላጠ ሽቦ ሲነካካ ብልጭታ ያወጣል፤ በአካባቢው ደግሞ ደረቅ ጎጆዋ አለ። መብራት ያለ ምክንያት የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ መስመሩን ከቆጣሪው አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ነው። ሽቦዎች በጠንካራ ቱቦ ውስጥ ቢያልፉ ይሻላል።

ማጥመድ

በመኖሪያ ቤት ቆጥ ላይ ከመርዝ ይልቅ ወጥመድን የምንመርጠው በቂ ምክንያት ስላለን ነው፤ ምክንያቱን በኋላ እንመለስበታለን። ባለ ሽቦው የፍንጥር ወጥመድ ርካሽና ለብዙ ጊዜ የሚያገለግል ነው። የጣራ አይጥ ለአዲስ ነገር ጠርጣራ ናት። ስለዚህ ወጥመዱ በመንገዷ ላይ ሳይወጠር፣ ማባበያ ብቻ ተደርጎበት ሦስት ሌሊት ይቀመጣል። ማባበያው ሲበላ ከታየ በአራተኛው ሌሊት ይወጠራል። ብዙ ሰው «ወጥመዱ አይዝም» የሚለው ይህን ትዕግሥት ስለሚያጎድል ነው።

ለማባበያ የተወቀጠ የተቆላ ኦቾሎኒ፣ በዘይት የተለወሰ የገብስ በሶ ወይም የሙዝ ቁራጭ ጥሩ ነው። እህል በሞላበት ቤት እህልን ማባበያ ማድረግ ጥቅም የለውም። ወጥመዱ ለአይጧ መንገድ አግድም ተደርጎ፣ ማባበያው ወደ ግድግዳው ወይም ወደ ወራጁ በኩል ይሁን። በሽቦ ከእንጨቱ ጋር ካልታሰረ የተያዘችው አይጥ ወጥመዱን ይዛ ሣር ክዳኑ ውስጥ ትገባለች፤ ወይም ወጥመዱ በተኛ ሰው ላይ ይወድቃል። በአንድ ቤት አንድ ወጥመድ አይበቃም። ስድስት ያህል ለአንድ ሳምንት፣ በየጠዋቱ እየተፈተሹ፣ ያስፈልጋሉ። የሞቱት በባዶ እጅ አይነኩ፤ በፕላስቲክ ተይዘው ጉልበት በሚያህል ጉድጓድ ይቀበሩ።

የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ድርሻ እዚህ ላይ ነው። አንድ ቤት ብቻውን ቢያጠምድ ከጎረቤት ጣራ የሚመጣውን ሲለቅም ይኖራል። የአንድ ጎጥ ቤቶች በሙሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆጣቸውን ቢያራግፉና ቢያጠምዱ ግን ውጤቱ ለወራት ይቆያል። በታንዛኒያና በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች የተደረጉ ሥራዎች የመንደሩ ሰው በኅብረትና ያለማቋረጥ ሲያጠምድ በቤት ውስጥ ያለው የአይጥ ቁጥርና የእህል ጉዳት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ማኅበሩ ወጥመዶቹን ገዝቶ በተራ ቢያውስ እያንዳንዱ አባል መግዛት አያስፈልገውም። ጊዜውም ሁለት ይሁን፦ አንደኛው በጥቅምት፣ አዲሱ እህል ከመግባቱ በፊት፤ ሁለተኛው ውቂያ አልቆ ከማሳ የመጣችው አይጥ ከገባች በኋላ፣ በየካቲት። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለማድረግ የተገደደ ማኅበር የጥቅምቱን ይምረጥ። በዚያን ጊዜ ጎተራው ባዶ፣ አይጧም የተራበች ስለሆነች ወጥመድ ቶሎ ትገባለች።

ስለ መርዝ

መርዝን ፈጽሞ አትጠቀሙ አንልም። ከሁሉ በፊት የሚያዝ ነገር እንዳልሆነ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ዚንክ ፎስፋይድ የተባለው ጥቁር ዱቄት በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ሆኖም ጥቂት ቀምሳ የታመመች አይጥ ሁለተኛ አትነካውም፤ ለሰው የተለየ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ደም እንዳይረጋ በማድረግ የሚገድሉት ዓይነቶች ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሚሠሩ አይጧ አትጠረጥራቸውም፤ ማርከሻቸውም ቫይታሚን ኬ ነው። ችግሩ አይጧ የምትሞተው በሣር ክዳኑ ውስጥ ወይም በኮርኒሱ ጥግ መሆኑ ነው። ሽታው ሳምንታት ይቆያል። የመርዙ ፍርፋሪም ከቆጥ ወደ ምድጃ ሊወርድ ይችላል። የተመረዘችውን የበላች ድመት ልትሞት ትችላለች፤ ጉጉትም እንደዚሁ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ማለት ይህ ነው።

ስለ ጉጉት ካነሣን፣ በብዙ አካባቢ እንደ ክፉ ምልክት ተቆጥራ ትገደላለች። ሌሊት ሌሊት አይጥ ለቅማ የምትበላ ወፍ ናትና ብትተው ይሻላል። ድመትም ጠቃሚ ናት፤ ነገር ግን በሣር ክዳን ውስጥ የተሰወረችውን አይጥ ልታወጣ አትችልም፣ የተከፈተ እህል ያለበትን ቤትም ብቻዋን አታጸዳም።

መርዝ መጠቀም ግድ ከሆነ በአገሪቱ የተመዘገበው፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መመሪያ መሠረት፣ በመጋዘንና በውጭ ሕንፃ እንጂ ሰው በሚያድርበት ቤት ቆጥ ላይ አይሁን። ልጅና ከብት በማይከፍተው ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ የተረፈው ተቆጥሮ ይመለስ። ሰው በስሕተት ከበላ ማሸጊያውን ይዞ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ከአሉሚኒየም ፎስፋይድ የተሠራው የነቀዝ ክኒን ግን ለአይጥ ተብሎ በመኖሪያ ቤት ውስጥ በምንም ምክንያት አይቀመጥ። የሚያወጣው ጋዝ የተኙትን ሰዎች ይገድላል። ይህን በየስብሰባው ደጋግማችሁ ንገሩ።

ጎተራና የማኅበር መጋዘን

ለምግብ የሚሆነው እህል የሚገባበት የውጭ ጎተራ ከቤት ቆጥ በተሻለ ሁኔታ ከአይጥ ሊጠበቅ ይችላል። የጎተራው እግሮች አንድ ሜትር ከፍታ ይኑራቸው፤ በእያንዳንዱ እግር ላይ ከላይኛው ጫፍ አጠገብ የተገለበጠ ቁና የሚመስል ቆርቆሮ ይታሰር፤ የቆርቆሮው ክንፍ ከእግሩ 25 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። ጎተራው ከግድግዳ፣ ከአጥርና ከዛፍ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ።

በማኅበር መጋዘን ኮርኒስ ባይኖር እንመርጣለን። ለውበት ተብሎ የተሠራ ኮርኒስ ሰው የማይገባበት የአይጥ ሰፈር ነው። ካለ ግን የመፈተሻ በር ይሠራለትና በወር አንድ ጊዜ በባትሪ ይታይ። ጆንያዎች በርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ሜትር ርቀው፣ ሰው ዙሪያውን መሄድ እንዲችል ሆነው ይከመሩ። ክምሩ ከኮርኒሱ ወይም ከወራጁ ጋር አይገናኝ። ባዶ ጆንያ ተቆጥሮ፣ ታስሮ፣ በሌላ ክፍል ይቀመጥ። የበሩ ግርጌ በ30 ሳንቲ ሜትር ቆርቆሮ ይለበጥ። መጋዘን ጠባቂው የተያዘውን አይጥ ብዛት፣ ቀንና ቦታ በመዝገብ ቢጽፍ፣ ልማት ሠራተኛው በሚቀጥለው ጉብኝቱ አይጧ በየትኛው ማዕዘን እንደምትገባ ከመዝገቡ ማንበብ ይችላል።

በመጨረሻም ስለ መሰላል። እግሩ ሁሉ ቆርቆሮ ለብሶ፣ በትክክል ተለክቶ የተሠራ ጎተራ ላይ መሰላል ተደግፎ ሲያድር ብዙ ጊዜ አይተናል። መሰላሉ ለእናንተ ደረጃ የሆነውን ያህል ለአይጧም ደረጃ ነው። እህል ከተቀዳ በኋላ ተነሥቶ መሬት ላይ ይጋደም፤ የቆጡም እንዲሁ።